የወይባ ቀለም

በ13 ዓመቴ እናቴ ጢስ የምትሞቅበትን ጉድጓድ ውኃ ደፍቼ አጥፍቼዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሷም አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ዛሬ የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።

ሱዳን፣ ፋው ነበርን፤ ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ፣ የራሃድ መስኖ እርሻ አጠገብ። ከጭልጋ የወጣነው በ1977 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ወደ ጦርነት እንደ ሄደ ቀርቶ፣ ዝናቡም ቀርቶ፣ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ በመተማ በኩል ተሻገረች። የስደተኛ ካምፖቹ ስም አልነበራቸውም፤ ፋው አንድ፣ ፋው ሁለት እየተባሉ በቁጥር ነበር የሚጠሩት። አገሩ ዐይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ መሬቱ ዋልካ፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል። ራሃድ የሚሉት ወንዝ የእኛው ሽንፋ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ስሙን ይለውጣል። በሱዳኖቹ የመሬት ልክ 300 ሺህ ፈዳን ያህል የሚሆነው እርሻ ግን የራሃድ ውኃ ብቻውን አይበቃውም፤ ከአባይም በፓምፕ ይሳብለታል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ቦዩ ዳር በተቀመጠች ቁጥር «ውኃችን ቀድሞን መጥቶ ኖሯል» ትል ነበር።

በጥጥ ለቀማ ወራት ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው ይሄዳሉ። የጥጡ ቅርፊት ሲደርቅ እንደ እሾኽ ነው፤ ማታ ሲመለሱ የጣቶቻቸው ጫፍ ተቧጥሮ እናየዋለን። ለቀማው ሲያልቅ እናቴ በዘይት ቆርቆሮ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ሻይ ትሸጣለች። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነበር።

ቅዳሜ ጎጆው ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ትምሳለች፣ ክንድ የማይሞላ። ፍም ትጨምርበታለች፤ ከላዩ የወይባ እንጨት። ልብሷን አውልቃ፣ ብርድ ልብስ ከአንገቷ በታች እንደ ድንኳን ጥላ ከላዩ ትቀመጣለች። ጢሱ በአንገቷ ዙሪያ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ፊቷ በላብ ይወዛል፣ አናቷ ላይ ያደረገችው ቅቤ ቀልጦ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ዐይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ስትነሣ ገላዋ ሌላ ነው፤ እንደ ማር፣ እንደ አዲስ የሸክላ ምጣድ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ። እንጨቱን ከሱዳን ሴቶች ነበር የምትገዛው። እነሱ «ሻፍ» ይሉታል፤ የጢሱን ሥርዓት ደግሞ «ዱኻን»። ያቺ ጢስ ከጭልጋ አብራን የመጣች ብቸኛ ነገር ነበረች ማለት እችላለሁ፤ ሌላውን ሁሉ በመንገድ ጥለነዋል።

ወይባ የሚሞቀው እንግዲህ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሙሽራ፣ አራስ፣ ባሏ የሚመጣላት። እናቴ ባል አልነበራትም። የካምፑ ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ተሰልፈው «ለማን ብላ ነው?» ሲባባሉ ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ሁሉም ቦታ የምሰማት ይመስለኝ ጀመር። ወንዶች ልጆች በአጠገቤ ሲያልፉ አየሩን እያሸተቱ ይስቃሉ። እኔም ጡት ማውጣት የጀመርኩበት፣ በገዛ ገላዬ የማፍርበት ዕድሜ ነበር። እናቴ እንደ ሌሎቹ፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ እንደ ስደተኛ እንድትሆንልኝ ፈለግሁ። አንድ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ልታመጣ ጎረቤት ስትሄድ የመጠጥ ውኃችንን በጀሪካን አንሥቼ ፍሙ ላይ ደፋሁት። ጩኸቱ አሁንም ይሰማኛል። አመድና ነጭ እንፋሎት ጎጆውን ሞላው።

ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ቁጭ ብላ እንጨቱን ከጭቃው አንድ በአንድ ለቀመችና ጎጆው ጣሪያ ላይ እንዲደርቅ አሰጣችው። የሚጠጣ ውኃ ለመለመን ማታ ቤት ለቤት የሄደችው ራሷ ናት። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሞቀች።

ወደ አገር የተመለስነው በ1986 ዓ.ም. በመኪና ተጭነን፣ በመተማ በኩል ነው። ከጊዜ በኋላ አዲስ አበባ ሥዕል ተማርኩ። ሥዕል ስማር ዘወትር አንድ ነገር እፈልግ ነበር፤ ሴትን መሣል። ስለ ሴትነት የምለው ነገር ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከፋው የመጣሁ ነኝና ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ እንደማውቅ አልጠራጠርም ነበር።

በ2004 ዓ.ም. «የፋው ሴቶች» ብዬ 11 ሸራ ለዕይታ አቀረብሁ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም ፊት የላቸውም። ከጀርባ፣ ወይም በጎን፣ ወይም ነጠላ ተከናንበው። ጀሪካን የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ የጎበጡ። ገላቸውን ሁሉ በአመድ ቀለም ነበር የሠራሁት፤ ከጥቁርና ከነጭ ጋር ትንሽ ሰማያዊ እየደባለቅሁ። ሰዎች ፊታቸው ቆመው እንባ አውጥተዋል። ሰባቱ ተሸጡ። ኮራሁ።

አሁን ሳስበው እነዚያን ሴቶች ከየት እንዳመጣኋቸው አውቃለሁ። ከፋው አይደለም። ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረምና ከመቀሌ ያነሡት፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የተላለፈው ፊልም አለ፤ ዓለም ኢትዮጵያዊት እናትን ያየው በእሱ ነው። ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ በዚያው ዘመን ኮረም ላይና ሱዳን በተሰደዱት መካከል ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። ፋውን ለመሣል በተነሣሁ ቁጥር የፎቶዎቹን መጽሐፍ አወጣ ነበር። ጥበባቸውን አልነቅፍም፤ እነዚያ ምስሎች እህል አምጥተዋል፣ ያን እህል በልቻለሁ። ግን እኔ ልጅቷ እዚያው ነበርሁ። የእናቴን ገላ በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙን ከፎቶ መዋስ አልነበረብኝም።

እናቴ ኤግዚቢሽኑን ለማየት በሦስተኛው ቀን መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ በአንገቷ ክሯን አስራ። ከሥዕል ወደ ሥዕል ቀስ እያለች ሄደችና ትልቁ ሸራ ፊት ቆመች። ርእሱ «እናቴ» ነበር።

«ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እማ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከክንዷ ገለጥ አድርጋ ቆዳዋን አሳየችኝ፤ የ60 ዓመት ሴት ክንድ፣ ጠይም፣ የለዘበ።

«እኔ እንዲህ አመድ ሆኜ አውቃለሁ ልጄ? ፋው እያለን ገላዬ ወይባ ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አንቺ ታውቂያለሽ ስትለኝ ሌላ ነገር አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋትም። ለሁለተኛ ጊዜ ውኃ እንደ ደፋሁባት ገባኝ፤ የአሁኑ ደግሞ በሰው ፊት፣ ስሟን ጽፌ።

በዚያ ማታ ነው በ23 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኋት። ቡና እያፈላች ነበር።

«እማ፣ ለማን ብለሽ ነበር?»

የምጠይቃት ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ጀበናውን እያዞረች፣ «ለገላዬ» አለች። «ቀን ሙሉ የሰው ጥጥ ስለቅም፣ ሲመዘግቡኝ፣ ሲቆጥሩኝ፣ በሰልፍ ሲያቆሙኝ እውላለሁ። ቅዳሜ ገላዬ የእኔ መሆኑን አየው ነበር።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ብሩሽ አልያዝኩም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያልተሸጡትን አራቱን ሸራዎች ከግድግዳ አወረድኋቸው። በምትኩ ማየት ጀመርሁ፤ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ተቸገረ ሰው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። እያንዳንዱ የጎንደር ልጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ቅዱሳኑ በሁለት ዐይናቸው ያዩናል፣ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዐይን ብቻ አላቸው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እኔ ግን 11 ሴቶችን በጎንና በጀርባ ሥዬ፣ ለአንዳቸውም ሁለት ዐይን እንዳልሰጠኋቸው እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩም። አባቶቻችን ሠዓሊዎች ለይሁዳና ለዲያብሎስ ያደረጉትን እኔ ለእናቴ አድርጌያለሁ። ትሕትናና ሐዘን እየመሰለኝ።

ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ምንትዋብ የቋራ ሴት ናት፤ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለችም፣ ወገኖቿ የድንበሩን ሙቀት የሚያውቁ ናቸው። ስሟ ውበቷን ነው የሚናገረው። ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር አገር ያስተዳደረች ሴት ተደፍታም ቢሆን ልብሷ በጌጥ የተሞላ ነው፤ ሠዓሊው በንግሥቲቱ ትሕትና ውስጥ ጌጧን አልነጠቃትም። እዚያ ሥዕል ፊት ጊዜ አጠፋሁ። ጸሎትና ማማር አንድ ላይ መሄድ እንደሚችሉ ያ ያልታወቀ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ያውቅ ነበር። ወይባ የሚለው ስም ራሱ የመነኩሴን ቢጫ ልብስም መጥሪያ ነው፤ ዓለምን የተወውንና ገላዋን የምታጥነውን ሴት አንድ ቀለም ያለብሳቸዋል።

የታደሰ መስፍን ገበያተኞች ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጡኝ። ታደሰ የወልድያ ልጅ ነው፤ ብዙ ሠዓሊ ያስተማረ። በ«የሕይወት ምሰሶዎች» ሥራዎቹ ውስጥ ሴቶቹ ሽንኩርትና ማሽላ የሚሸጡ ናቸው፤ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሰፊ ሆነው ሸራውን ይሞሉታል፣ ወደ እኛ ያያሉ። ከድህነታቸው ምንም አልደበቀም። ቁመታቸውን አልቀነሰም እንጂ።

ልቤን የነካችው ግን ሱዳናዊቷ ካማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ ናት። በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦምዱርማን የተወለደች፣ ካርቱም የተማረች፣ በ1960ዎቹ ለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የገባች። በ1970ዎቹ ካርቱም ውስጥ «ክሪስታሊስት» የሚባለውን የሠዓሊዎች ቡድን ከመሠረቱት አንዷ ናት። ሴቶቿ ብዙዎች ናቸው፤ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ፊታቸው በመስተዋት ውስጥ እንዳለ ተጣሞ፣ አንዳንዴ ከዛፍ ጋር ተቀላቅሎ። ካማላ የዛርን ሥርዓት ከሱዳን ሴቶች መካከል ሆና አጥንታለች፤ ሥዕሎቿ የመጡት ከዚያ ክፍል ነው፤ ወንድ ከማይገባበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት፣ ሴት እንደ ፈቀዳት ከምትሆንበት።

ያን ክፍል ሽታውን አውቀዋለሁ። ዛሩም ቢሆን ከእኛ ወደ እነሱ የሄደ ነው ይባላል፤ በሱዳን ዛር ውስጥ ሐበሻ የሚባሉ ዛሮች አሉ፤ አንዷ ሉሊያ የምትባል ሐበሻዊት ናት፤ ሽቶና ወርቅ፣ የሙሽራ ጌጥ የምትጠይቅ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እናቴን አሰብሁ። ሴት «አምሮኛል» ማለት ሲከብዳት ዛሯ ይጠይቅላታል፤ የእኛም አገር ሴቶች ሽቶውን፣ ቡናውን፣ ቀለበቱን በዛር ስም ሲጠይቁ ኖረዋል። እናቴ ዛር አልነበራትም። ባልም አልነበራትም። በማንም ስም ሳታሳብብ ነው ጉድጓዷን የማሰችው፤ የካምፑን ሴቶች ያናደዳቸው ምናልባት ይህ ነበር። ሠዓሊዋን ልጇንም።

እናቴን እንደገና ለመሣል ስጠይቃት ሦስት ወር አሰበችበት። ተስማምታ ስትቀመጥልኝ ዋናዋ አዛዥ እሷ ነበረች። ትከሻዋን ገልጣ፣ ብርድ ልብሱን ከብብቷ በታች አድርጋ፣ ፊቷን ወደ እኔ። «ቅቤዬን አትርሺ» አለችኝ። «ዐይኔንስ ልጨፍነው ወይስ ልግለጠው?» ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ገለጠችው።

የቆዳዋን ቀለም ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የለው ኦከር ብቻውን የታመመ ሰው ያስመስላታል። በርንት ሲየና ስጨምርበት ወደ ጡብ ሄደ። ነጭ በነካው ቁጥር አመዱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እጄ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ነጩን ጨርሶ ከፓሌቴ አወጣሁት። ቀይ መደብ ቀብቼ፣ ሲደርቅ ቢጫውን በዘይት አቅጥኜ በስሱ ደጋግሜ አለበስሁት፤ አንድ ድርብ፣ ይደርቃል፣ ሌላ ድርብ፣ ይደርቃል። ጢስ ገላ ላይ የሚያርፈውም እንዲሁ ነው፤ ቅዳሜ በቅዳሜ። ጉንጯ አጥንት ላይ ብርሃን ማስቀመጥ ሲያስፈልገኝ በነጭ ፈንታ መደቡ እንዲታይ ቀለሙን በጨርቅ ጠረግሁለት። ብርሃኑ ከውስጥ መጣ።

ስጨርስ አየችውና ጣቷን ወደ ትከሻው አስጠግታ ሳትነካው መለሰችው። «እርጥብ ነው?» አለች። ሌላ አስተያየት አልሰጠችም። ሥዕሉ አሁን መኝታ ቤቷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ገዢ መጥቶለት እምቢ ያለችው እሷ ናት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ስትያዝ ሕዝቡ በፋው አድርጎ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ዜናውን ከእናቴ ጋር አብረን ስናይ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ቦዩ አለ፣ እዚህ ጋ ይታጠፋል» ትለኝ ነበር። እኛ በአንድ ወቅት የተሻገርነውን ድንበር አሁን እነሱ በተቃራኒው ተሻገሩት፤ መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ ካምፕ ሰፈሩ፤ አቅም ያገኘው አዲስ አበባ ደረሰ።

በተከራየንበት ግቢ ከኋላ ያለውን ክፍል የያዘችው ከወድ መደኒ የመጣች ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ የት እንዳለ አታውቅም። እናቴ ከ30 ዓመት በኋላ ዓረብኛዋ እንዳልጠፋ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሴትየዋ «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ ትላታለች፤ እናቴ ደግሞ «ቢቲ»፣ ልጄ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሴትየዋ ቶቧን ተከናንባ በሩ ላይ ትቀመጥ ነበር፣ በጎን፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። አመድ የመሰለ ከሰዓት በኋላ ነበር። እጄ እርሳስ ፍለጋ ኪሴ ገብቶ አገኘሁት። የድሮው ሥዕል፣ ያው ሥዕል፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጦልኝ ነበር። እርሳሱን መልሼ ሄድሁ።

ባለፈው መጋቢት አንድ ቅዳሜ እናቴ ከገበያ ስትመለስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ፈታችው፤ የወይባ እንጨት ነበር። ሴትየዋ አንሥታ አሸተተችው። «ሻፍ» አለች። ከመጣች ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እናቴ ትከሻ ላይ ግንባሯን አድርጋ ቆየች፤ የምታለቅስ ይሁን የምታሸት አላወቅሁም።

የኋላውን ክፍል አጸዱት። ልጆቹ ወደ እኔ ተላኩ። ሱዳናዊቷ አንድ ቀን ሥዪኝ ብላኝ ነበርና ሸራ ወጥሬ፣ ቀዩን መደብ ቀብቼ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እስክትወጣ እጠብቃታለሁ ብዬ። በሩ ገርበብ እንዳለ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ግማሹ ዓረብኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ መሀሉ ሳቅ።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «ፍሙን አቀብይኝ።»

ከሰሉ ጓሮ ምድጃ ላይ ቀልቶ ነበር። በቆርቆሮ አንሥቼ በሁለት እጄ ይዤ ሄድሁ። በሩ በትንሹ ተከፈተና የእናቴ እጅ ወጣ። አቀበልኋት። በሩ ተዘጋ።